ሐሳብ፣ ሕመምና ፍርድ፦ ስለ አእምሮ ጤና ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የሥነ ልቦና መግቢያ ትምህርትን ለጀማሪ ተማሪዎች ለዓመታት ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ሐኪም ግን አይደለሁም። ስለ ውጥረት፣ ስለ አእምሮ ሕመምና ሕክምናው፣ እንዲሁም ሰው ስለ ሰው ስለሚይዘው አመለካከት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ባልኋችሁ መሠረት ከደረሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ የብዙዎቻችሁን ሐሳብ የያዙትን መርጬ እመልሳለሁ። ጠያቂዎቹን ሊያሳውቅ የሚችለውን ዝርዝር አውጥቼዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጨጓራዬን ሲያመኝ ሁሉም ሰው «ከሐሳብ ነው» ይለኛል። ውጥረት በሽታ ነው? ሐሳብስ እንዴት ሆድ ያሳምማል?

መልስ፦ ውጥረት በራሱ በሽታ አይደለም፤ ከአቅማችን በላይ የመሰለን ነገር ሲገጥመን ሰውነታችን የሚሰጠው ምላሽ ነው። አሜሪካዊው ዋልተር ካነን በ1915 እንደገለጸው፣ ሰውም ሆነ እንስሳ አደጋ ሲያይ ወይ ለመጋፈጥ ወይ ለመሸሽ ይዘጋጃል። በሌሊት መንገድ ላይ ጅብ የገጠመው ሰው ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ደሙ ወደ እግሩና ወደ ክንዱ ጡንቻዎች ይሄዳል፤ እራቱን የመፍጨቱ ሥራ ለጊዜው ይቆያል። ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። የቤት ኪራይ፣ የታመመ ወላጅ ወይም የማይስማማ አለቃ ግን እንደ ጅቡ ጥሎን አይሄድም፤ ሰውነታችንም ለወራት በተጠንቀቅ ይቆማል።

በካናዳ ሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ሐንስ ሴልዬ በ1936 ያሳተመው አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ያሳያል። በአይጦች ላይ ሲሞክር፣ ብርድም ሆነ ጉዳት ወይም መርዝ፣ መንስኤው ምንም ይሁን ምን በሰውነታቸው ላይ ተመሳሳይ ለውጥ አየ፤ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ አበጠ፣ ጨጓራቸውም ቆሰለ። ሴልዬ ሂደቱን በሦስት ደረጃ ከፈለው፦ መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ቀጥሎ መቋቋም፣ ጫናው ካልተነሣ በመጨረሻ መዛል።

ስለ እርስዎ ጨጓራ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርብኛል። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች ለአብዛኛው የጨጓራ ቁስለት ዋነኛ መንስኤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን አሳይተው በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ውጥረት ሕመሙን ያባብሳል፤ ነገር ግን «ከሐሳብ ነው» በሚል ምክንያት ምርመራ ሳያደርጉ አይቆዩ።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ሙሽራ ነኝ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ አጣሁ። ጤነኛ ነኝ?

መልስ፦ ጤነኛ ነዎት። ቶማስ ሆምስና ሪቻርድ ሬሂ በ1967 ባዘጋጁት፣ 43 የሕይወት ለውጦችን በሚመዝን ዝርዝር ውስጥ የትዳር ጓደኛ ሞት 100 ነጥብ ሲይዝ ጋብቻ ደግሞ 50 ይዟል። መልካም ለውጥም ቢሆን ከሰው ጉልበት ይጠይቃል። ከሠርጉ ጣጣ የተወሰነውን ለሚዜዎችዎና ለዘመድ ይተዉት።

ጥያቄ፦ እናታችን ካረፈች አምስት ወር ሆኗታል። ታናሽ ወንድሜ ሥራውን ትቶ ከአልጋ አይነሣም፤ «ብሞት ይሻለኛል» ማለትም ጀምሯል። ዘመዶቻችን «ሐዘን ነው፣ ጊዜ ይሽረዋል» ይላሉ።

መልስ፦ ሐዘን በሽታ አይደለም። ድንኳን ተጥሎ ለቅሶ መቀመጣችን፣ ዘመድና ጎረቤት እየመጣ ማስተዛዘኑ፣ አርባውንና ሙት ዓመቱን ማውጣታችን ለሐዘነተኛው ትልቅ ድጋፍ ነው። ሐዘን እንደ ማዕበል ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሐዘንተኛው በመሐሉ ስለ ሟች የሚያስቅ ነገር ሲነሣ ፈገግ ይላል። በድባቴ የተያዘ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ፣ በየዕለቱ ጨለማ ውስጥ ነው፤ የሚወደው ነገር ሁሉ ጣዕም ያጣበታል፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ይዛባል፣ ራሱንም የማይረባና ጥፋተኛ አድርጎ ያያል። ሐኪሞች በሚመሩበት መለኪያ እንዲህ ያሉ ምልክቶች ተሰባስበው ሁለት ሳምንት ከቆዩ ድባቴ ሊባል ይችላል። ቀድሞ የነበረው የአሜሪካ የምርመራ መመሪያ ሰው በሞተበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ይህ ስም እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር፤ በ2013 የወጣው እትም ክልከላውን አንሥቶታል፤ ምክንያቱም ሐዘንና ድባቴ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

ወንድምዎ የተናገረው ቃል ግን ጊዜ አይሰጥም። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። ጥያቄው ሐሳቡን ያስገባበታል የሚለው ፍርሃት ትክክል አለመሆኑን በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል፤ ብዙ ሰው ሲጠየቅ እፎይ ይላል። ብቻውን አይተዉት፤ መርዝና ስለት ከአጠገቡ ያርቁ፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይዘውት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ እህቴ የማይታይ ሰው እያነጋገረች ነው። ቤተሰቡ ግማሹ ጸበል፣ ግማሹ ሐኪም ቤት ይላል። እርስዎ ለየትኛው ያደላሉ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከጥንቃቄና ከአክብሮት ጋር ነው የምመልሰው፤ ጸበል ቦታ ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያውና አንዳንዴም ብቸኛው መጠጊያ ሆኖ ኖሯልና። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2003 ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በቡታጅራና አካባቢዋ ከ68,000 በላይ ሰዎች ተጠይቀው በተሠራው ትልቅ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ስለዚህ «ለምን ጸበል ወሰዳችኋት?» ብሎ ቤተሰብን መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም።

ሆኖም እህትዎ ያለባት ነገር ስኪዞፍሬኒያን (የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) የመሰለ ሕመም ከሆነ፣ ሳይታከም በቆየ ቁጥር የማገገሙ ዕድል እየጠበበ ይሄዳል፤ መድኃኒቱም የሚሠራው ሳይቋረጥ ሲወሰድ ነው። የእኔ አቋም ሁለቱ አይጋጩም የሚል ነው። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ለአእምሮ ሕመም ይህ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። አጥማቂውን አነጋግሩ፣ ኪኒኑን እንድታቋርጥ እንዳያዝዛት ለምኑት። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፦ በየትም ቦታ፣ በማንም ትእዛዝ፣ በሰንሰለት እንዳትታሰር።

ጥያቄ፦ ሳይካትሪስትና ሳይኮሎጂስት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሳይካትሪስት በሕክምና ተመርቆ በአእምሮ ሕመም የተካነ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል። ሳይኮሎጂስት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ የሚረዳው በምርመራ፣ በምክርና በንግግር ሕክምና ነው። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታገኙት ግን የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ነው።

ጥያቄ፦ በወሬ ሰው ይድናል? እኔ ችግሬን ለማላውቀው ሰው ከፍዬ ከምነግር ለንስሐ አባቴ ወይም ለጓደኛዬ ብናገር አይሻልም?

መልስ፦ ለሚያምኑት ሰው መናገር ትልቅ ነገር ነው፤ አይተዉት። የንግግር ሕክምና ግን ከማዳመጥ አልፎ የተወሰነ ሥራ የሚሠራበት ነው። በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል ሲያይ የሚንቀጠቀጥ ፒተር የተባለ ሕፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንዲቀርበው አደረገች፤ ልጁም በመጨረሻ እንስሳውን ዳሰሰው። ዛሬ ከፍርሃት ለማላቀቅ የምንጠቀምበት ዘዴ ከዚህ የተወለደ ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ አሮን ቤክ ድባቴ የያዛቸው ሰዎች ስለ ራሳቸው፣ ስለ ዓለምና ስለ ነገ የሚያስቡት የጨለመ ሐሳብ ሳይመረመር እንደ እውነት እንደሚወሰድ አስተዋለ፤ በእርሱ መንገድ ታካሚው «አይሳካልኝም» የሚለውን ሐሳብ ማስረጃው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅን ይለማመዳል። ሜሪ ስሚዝና ጂን ግላስ በ1977 የ375 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ ሕክምናውን ያገኘው አማካይ ሰው ካላገኙት ከ100 ሰዎች ከ75ቱ ተሽሎ ተገኝቷል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የዚምባብዌ ልምድ ይመስለኛል። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ከ2006 ጀምሮ በሐራሬ አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያዎች ግቢ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ችግረኛውን እንዲያማክሩ አደረገ። አያቶቹ «ድባቴ» የሚለውን የሐኪም ቃል አልተጠቀሙም፤ በሾና ቋንቋ «ማሰብ መብዛት» በሚለው የሕዝቡ ስም ጠሩት። እኛስ «ሐሳብ በዛብኝ» አይደል የምንለው? በ2016 በታተመ፣ 573 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት አሁንም የታየባቸው ከአያቶቹ ጋር ከተነጋገሩት ውስጥ 14 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ግን 50 በመቶ ያህሉ ነበሩ። የቡና ሥነ ሥርዓት ባለበት አገር እንዲህ ያለው ሥራ የማይስፋፋበትን ምክንያት ባሰብሁ ቁጥር እቆጫለሁ።

ጥያቄ፦ ታክሜ ድኛለሁ። ሰው ሁሉ «የአእምሮ ሕመም እንደ ሌላው ሕመም ነው» ይላል፤ ታሪኬን ሲሰማ ግን ቤት የሚያከራየኝ አጣሁ። ሰው ለምን የሚናገረውን አያደርግም?

መልስ፦ ስለደረሰብዎ ነገር ከልብ አዝናለሁ። በቃልና በተግባር መካከል ያለው ክፍተት ከተጠና ቆይቷል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በቻይናውያን ላይ ብርቱ ጥላቻ በነበረበት በአሜሪካ፣ ሪቻርድ ላፒየር ከቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር አገሪቱን ዞሮ ከ250 በላይ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ገባ፤ የከለከላቸው አንድ ብቻ ነበር። ከወራት በኋላ ለእነዚያው ቦታዎች «ቻይናዊ ታስተናግዳላችሁ ወይ?» ብሎ በደብዳቤ ሲጠይቅ ከመለሱት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት «አናስተናግድም» አሉ። ደብዳቤውን የመለሰውና እንግዳ የተቀበለው አንድ ሰው ላይሆን ይችላል የሚለው ትችት ተገቢ ነው። ቢሆንም ከዚህ የምወስደው ነገር አለ፦ ሰዎቹ በደብዳቤ የከለከሉት በአእምሯቸው የሣሉትን «ቻይናዊ» ነው፤ በር ላይ የቆሙትን ፈገግተኛ ባልና ሚስት ግን አስገቡ። እርስዎም ታሪክዎ ቀድሞዎት እንዳይደርስ፣ መጀመሪያ በአካል ቀርበው ይተዋወቁ። የሕክምና ታሪክዎን ለአከራይ የመናገር ግዴታ የለብዎትም።

ጥያቄ፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ አብረውን ስለኖሩ የሌላ ብሔር ሰዎች የሚናገረው ያስደነግጠኛል። ይህ ጥላቻ ከየት መጣ? ምክርስ ይመልሰዋል?

መልስ፦ «እኛ» እና «እነርሱ» ለመባባል ሰው ብዙ ምክንያት እንደማያስፈልገው ያሳየን ሄንሪ ታጅፌል ነው፤ ከፖላንድ አይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ በናዚዎች ዘመን ዘመዶቹን ያጣ ሰው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ተማሪዎችን «ከሁለት ሠዓሊዎች የማንኛውን ሥዕል ወደድህ?» በሚል ሰበብ ለሁለት ከፈላቸው። ልጆቹ ቡድናቸው ውስጥ ማን እንዳለ እንኳ ሳያውቁ፣ ለራሳቸው ወገን ብልጫ ለማስገኘት ሲሉ የወገናቸውን ድርሻ ጭምር ቀንሰው ነጥብ አከፋፈሉ። ለዚህ ዝንባሌ ፉክክርና የቆየ ቂም ሲጨመርበት የሚሆነውን እርስዎ ቤትዎ ውስጥ እየሰሙት ነው።

ምክር ብቻውን ብዙ ርቀት አይወስድም ብዬ አምናለሁ። ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እንደጻፈው ጥላቻን የሚቀንሰው መገናኘት ነው፤ ግን በእኩልነት፣ ለጋራ ዓላማ፣ አብሮ በመሥራትና በኃላፊዎች ድጋፍ ሲሆን። ተማሪዎችን አንድ ማደሪያ ውስጥ አጉሮ ለወንበርና ለውኃ ማፎካከር ይህ አይደለም። ኤሊዛቤት ፓሉክ በሩዋንዳ ያጠናችውንም አስቡት፤ ስለ ዕርቅ የሚያስተምር የሬዲዮ ድራማ ለአንድ ዓመት የሰሙ ሰዎች የግል እምነታቸው እምብዛም አልተለወጠም፤ የተለወጠው በማኅበረሰባቸው ዘንድ ምን ተገቢ እንደሆነ ያላቸው ግምት ነው፤ ከዚያም ጋር አንዳንድ አድራጎታቸው። ልጅዎ እንዲህ ሲናገር ዝም ብለው ካለፉት በዚህ ቤት ይህ ይባላል ማለት ነው። አይጩኹበት፤ ግን «ያሳደጉህን እትዬን ነው እንዲህ የምትለው?» ብለው በስም ይጥሩለት፤ ለበዓል ሲመጣም ወደ እርሳቸው ቤት ይላኩት።

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን ከአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነገ ይወጣል። ምን እንደምለው አላውቅም።

መልስ፦ ቀዶ ጥገና አድርጎ ቢመጣ ምን ይሉት ነበር? «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብለው፣ ብርቱካን ወይም ዳቦ ይዘው ይጠይቁት ነበር። ያንኑ ያድርጉ። ስለ ሕመሙ እርሱ ካላነሣው አያንሡበት፤ ልጆችዎን ከመንገዱ አይጥሩ፤ ቡና ሲፈላም ይጥሩት። በመጀመሪያው ቀን ባይመጣ አይቀየሙት፤ በማግስቱ ደግመው ይጥሩት።