ርዕሰ መምህርነቱን ልቀበል ወይስ ክፍሌ ውስጥ ልቆይ?

ጥያቄ፦ በአንድ የወረዳ ከተማ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ 1ኛ እና 2ኛ ክፍል። አሁን ወረዳው በዚሁ ትምህርት ቤት ለርዕሰ መምህርነት እንድወዳደር እየገፋፋኝ ነው። ባለቤቴ ነገሩን አልወደደውም። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ እዚያው 4ኛ ክፍል ትማራለች። ማስተማሬንም ቤቴንም እንዳላጣ ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት እኔም የአንደኛ ደረጃ ርዕሰ መምህርት ነበርኩና ጭንቀትሽ ይገባኛል። ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ተወዳደሪ። ሹመቱን የምትቀበዪው ግን በየሳምንቱ ክፍል የምትገቢበት ሰዓት ከወዲሁ ተለይቶ ከተያዘልሽ ብቻ ይሁን።

ይህን ያህል የማጠብቀው የቢሮው ሥራ በራሱ ጊዜ ስለማያልቅ ነው። ጠዋት ሰልፍ አለ፣ የቀረ መምህር መተካት አለ፣ ከወረዳ “ዛሬውኑ ይድረስ” የተባለ ሪፖርት አለ፣ የድጎማው ገንዘብ ግዢ ሰነድ አለ፣ የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ስብሰባ አለ፣ በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶችን በአንድነት የሚከታተለው የጉድኝት ሱፐርቫይዘር ይመጣል። አንዱም አላስፈላጊ አይደለም፤ እያንዳንዱም ጠያቂ አለው። አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ ማንበብ አለመቻሉን ግን መጥቶ የሚጠይቅሽ የለም። ራስሽ ሄደሽ ካላየሽው ዓመቱ ያልፋል፣ ልጁም ይዛወራል።

ወረዳው አንቺን መፈለጉ ያስደሰተኝም ለዚህ ነው። የታችኛውን ክፍል ታውቂዋለሽ። ልጆች 33ቱን ረድፍ በ7ቱ ድምፅ በዜማ ሲያወርዱት ከኋላ የተቀመጠ ሰው ክፍሉ ፊደል የጨረሰ ይመስለዋል፤ በምልከታ ቅጹ ላይም “ተሳትፎ በጣም ጥሩ” ብሎ ይወጣል። ረድፉን ሸፍኖ “ሙ”ን ለብቻዋ ቢያሳያቸው ግን ግማሾቹ ከ“መ” ጀምረው ካልቆጠሩ አይደርሱባትም። ይህን የሚያውቅ ርዕሰ መምህር ለአንድ ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ብትሾሚ፣ የምዝገባውና የመጽሐፍ እደላው ግርግር ጋብ ሲል፣ ጥቅምት ላይ በሉት፣ 1ኛ እና 2ኛ ክፍሎችን በሙሉ ዙሪ። ከየክፍሉ ጥቂት ልጆች ጠርተሽ ከመማሪያ መጽሐፋቸው ላይ ከገጹ መሐል ጀምረው አንድ መስመር እንዲያነቡልሽ አድርጊ። ከመጀመሪያው መስመር ካስጀመርሻቸው በቃላቸው ይሉልሻል። ያየሽውን በዚያው ቀን ከመምህሩ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበት። በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ውስጥ ግን አታስገቢው፤ ካስገባሽው በሚቀጥለው ጊዜ ፊትሽ የሚቆሙት ጎበዞቹ ብቻ ይሆናሉ።

ከዚህም የሚበልጥ ሥልጣን አለሽ፤ የክፍል ድልድሉ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አድርጎታል። በ6ኛ ክፍል መጨረሻ ፈተና በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ጠንካራው መምህር ወደ ላይ ይሳባል፣ አዲሱና ደካማ የተባለው ወደ 1ኛ ክፍል ይወርዳል። በእኔ እምነት ትምህርት ቤቶቻችንን ከሚጎዱት ልማዶች ይህን የሚያህል የለም። በመለኪያው አንድ ክፍል ከ50 ተማሪ ማለፍ የለበትም፤ አንቺ ራስሽ ግን ከዚያ በላይ ይዘሽ ማስተማርሽ አይቀርም። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ፊደል ማስያዝ የትምህርት ቤቱን ምርጥ መምህር ይጠይቃል። ምርጦችሽን ታች መድቢ። ቅሬታ ይነሳል፤ ቢሆንም ጽኚበት።

አሁን ወደ ቤትሽ። ባለቤትሽን “አይገባውም” ብለሽ አትለፊው፤ ምኑን እንደፈራ ጠይቂው። ትምህርት ቤታችሁ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ እስከዛሬ አንዱን ፈረቃ አስተምረሽ ትገቢ ነበር፤ ርዕሰ መምህር ግን ሁለቱንም ፈረቃ ይውላል። ክረምቱም እንደ መምህርነትሽ ዘመን አይሆንም፤ ምዝገባው፣ የወንበርና የጣሪያ ጥገናው፣ የዓመቱ እቅድ ይጠብቅሻል። በትንሽ ከተማ ደግሞ ወላጅ ማታ ቤት ድረስ ይመጣል። እነዚህን ሳትደብቂ ዘርዝሪለት። ትንሹን ልጅ ማን እንደሚያመጣው፣ እራቱን ማን እንደሚያሰናዳው፣ ስልክሽ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚዘጋ ከማመልከቻው በፊት ተስማሙ። ከተሾምሽ በኋላ ይስተካከላል ብላችሁ የተዋችሁት ሁሉ አንቺው ላይ ይወድቃል።

የልጅሽ ነገር ከሁሉ ይልቅ አሳስቦኛል። የርዕሰ መምህርቷ ልጅ መሆን ለሕፃን ከባድ ነው፤ ጥሩ ውጤት ስታመጣ “በእናቷ ነው” ይሏታል፣ ስታጠፋም መምህሩ ሊቀጣት ይፈራል። ካርዷን አባቷ ይቀበል፣ በወላጆች ስብሰባም ስለ እሷ እሱ ይቅረብ። ከመምህራኑ ጋር ስለ እሷ ውጤት አታውሪ። ቤት ስትገቢ ደግሞ የመምህሮቿን ጉዳይ እሷ ፊት አታንሺ።

ስለ ደመወዝ አልጠየቅሽም፤ እኔ ግን አነሳዋለሁ። የኃላፊነት አበሉ ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የመምህርነት የደረጃ እድገትሽ መቆጠሩን ይቀጥል እንደሆነ፣ ወደ ክፍል ልመለስ ብትዪም በየትኛው ደረጃ እንደምትመለሺ የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ያዢ።

በዚያው ቀን በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ እያስተማርሽ መቀጠል እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው። “ርዕሰ መምህር አያስተምርም፣ ቢሮ ይቀመጥ” ካሉሽ የምክትልነት ቦታ ክፍት መሆኑን ጠይቂ። ምክትል የመማር ማስተማሩን ሥራ በቅርበት ስለሚከታተል ለአንቺ የሚስማማሽ ምናልባት እሱ ሊሆን ይችላል፤ ልጆችሽም እስኪጠነክሩ ድረስ ጊዜ ይሰጥሻል።