የጌም ኮምፒውተር ፕሮሰሰርና ራም አመራረጥ፦ ጥያቄና መልስ

አዲስ የጌም ኮምፒውተር ለመግጠም ያሰባችሁ ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ራም የጠየቃችሁት እንደ አመጣጡ ተመልሷል። ግራፊክስ ካርድ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ የሚነሳው ከፕሮሰሰሩ ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ የምመርጠው ፕሮሰሰሩን ነው ወይስ ግራፊክስ ካርዱን?

ሁለቱንም አይደለም፤ ከሞኒተርህ ጀምር። ሬዞሉሽኑ ስንት ነው? ስንት ሄርዝስ ነው? ሬዞሉሽን ሲጨምር ጫናው የሚወድቀው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ የሚያዘጋጀው የፍሬም ብዛት ግን በ1080ም ሆነ በ4ኬ ያን ያህል አይለያይም። ስለዚህ በ4ኬ 60 ፍሬም ለሚበቃው ሰው መካከለኛ ባለ 6 ኮር (ኮር ማለት ራሱን ችሎ የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) ፕሮሰሰር በቂ ነው፤ የተረፈው ገንዘብ ካርዱ ላይ ይዋል። 240 ሄርዝ ሞኒተር ገዝቶ የተኩስ ውድድር የሚጫወት ደግሞ ወደ ፕሮሰሰሩ ያዘንብል።

የፕሮሰሰሩንና የካርዱን ስም ስታስገቡ «18 በመቶ ማነቆ (አንዱ ሌላውን ወደ ኋላ መጎተቱ) አለ» የሚሉ ድረ ገጾችን ግን እርሷቸው። ማነቆው በጌሙ፣ በሴቲንጉና በሬዞሉሽኑ ስለሚቀያየር አንድ ቋሚ ቁጥር ሊኖረው አይችልም።

ጥያቄ፦ አሁን ባለኝ ኮምፒውተር ላይ የሚጎትተኝ ፕሮሰሰሩ ይሁን ካርዱ በምን አውቃለሁ?

የፍሬም ገደብና ቪሲንክ (ፍሬሙን ከሞኒተሩ ሄርዝ ጋር የሚያስተካክል ሴቲንግ) አጥፋ። ጌሙ ውስጥ ሰውና እንቅስቃሴ የበዛበት ቦታ ላይ ቁምና ፍሬሙን መዝግብ። ከዚያ ሬዞሉሽኑን ወደ 720 አውርድና እዚያው ቦታ ላይ እንደገና እይ። ፍሬሙ ከፍ ካለ ካርዱ ነበር የያዘህ፤ ካልተነቃነቀ ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነው። የካርዱ አጠቃቀም ከ95 በመቶ በላይ ከሆነም ያው ካርዱ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፕሮሰሰሩ አጠቃቀም 40 በመቶ ሲል አይቶ «ገና ትርፍ አለው» ብሎ ስለሚደመድም ነው። ያ ቁጥር የሁሉም ኮር አማካይ ነው። የጌሙን ዋና ሥራ የተሸከመው አንዱ ኮር ሙሉ በሙሉ ተጨናንቆ፣ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ስንት ኮር ይበቃኛል?

ለጌም ብቻ 6 መነሻ ነው፣ 8 ምቹ ነው። 12ና 16 ኮር ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ትልልቅ ፕሮግራም ኮምፓይል ለሚያደርግ ሰው ነው እንጂ ፍሬም አይጨምርም።

ጥያቄ፦ ኤክስ3ዲ የሚባሉት የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ለምን ይወደሳሉ? ኮራቸው እኮ ከሌሎቹ እኩል ነው።

ልዩነቱ ካሹ ላይ ነው፤ ካሽ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ግን በጣም ፈጣን ማስታወሻ ነው። ራይዘን 7 9700ኤክስ 8 ኮርና 32 ሜጋባይት የሦስተኛ ደረጃ ካሽ አለው፤ ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ ደግሞ በዚያው 8 ኮር 96 ሜጋባይት። ጌም በየፍሬሙ ማስታወሻ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የተበታተነ መረጃ ይጠራል፦ የገጸ ባሕርያት ቦታ፣ ግጭት፣ የካርታው ቁራጭ። ያ መረጃ ካሽ ውስጥ ከተገኘ በ10 ናኖሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ካልተገኘ ራም ዘንድ ተሂዶ ይመጣል፤ ያ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ናኖሰከንድ ይፈጃል፣ ኮሩም እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ትልቁ ካሽ የሚያሳጥረው ይህን ጥበቃ ነው።

ስለዚህ ጥቅሙ የሚጎላው የሲሙሌሽን፣ የስትራቴጂና ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫወታቸው የኦንላይን ጌሞች ላይ ነው። አማካዩ ብቻ ሳይሆን በመሃል የሚያንገጫግጩት ዝቅተኛ ፍሬሞችም ይሻሻላሉ። በ4ኬ ሁሉንም ሴቲንግ ከፍተው ለሚጫወቱ ግን ካርዱ ቀድሞ ስለሚደክም ልዩነቱ ሊጠፋ ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ በ2022 በወጣው 5800ኤክስ3ዲ እና በ2023 በተከተለው 7800ኤክስ3ዲ ተጨማሪው ካሽ ከኮሮቹ በላይ ተደርቦ ሙቀት ያፍን ነበር። በ2024 በመጣው 9800ኤክስ3ዲ ካሹ ከኮሮቹ ሥር ስለገባ ኮሮቹ ለኩለሩ ቀርበዋል፤ የኮር ፍጥነቱም የጨመረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ራይዘን 8700ጂ ባለ 8 ኮር ነው። እሱን ከጥሩ ግራፊክስ ካርድ ጋር ባጣምረውስ?

አታድርገው። ጂ ያለባቸው የተሠሩት ያለ ካርድ፣ በውስጣቸው ባለው ግራፊክስ ለመጫወት ነው። 8700ጂ ካሹ 16 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ለካርዱም የሚሰጠው 16 ሳይሆን 8 የመረጃ መስመር ነው። 8500ጂ ከዚያም ወርዶ 4 መስመር ይሰጣል። ካርድ የምትገዛ ከሆነ ባለ 6 ኮሩ ራይዘን 7600 በጌም ይበልጠዋል።

ጥያቄ፦ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስም መጨረሻ ያሉት ኤፍ እና ኬ ምንድን ናቸው?

ኤፍ ማለት የውስጥ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው። ካርድህ አንድ ቀን ቢበላሽ ምስል የምታይበት ሌላ መንገድ አይኖርህም። ኬ የኮሩን ፍጥነት ራስህ ማሳደግ እንድትችል የተከፈተ ነው፤ ለዚያ ግን ስሙ በዜድ የሚጀምር ማዘርቦርድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ 13ኛና 14ኛ ትውልድ ኢንቴል ይበላሻል ሲባል ሰምቻለሁ። ያገለገለ ልግዛ?

ችግሩ እውነት ነው። ከ65 ዋት ጀምሮ ያሉ የሁለቱ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ውስጣቸው ቀስ በቀስ ይጎዳ ነበር። ኢንቴል በ2024 በባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር) በኩል የሚጫን ማስተካከያ አውጥቶ የዋስትናውን ጊዜ በ2 ዓመት አራዝሟል። ማስተካከያው ግን የሚከላከለው ገና ያልተጎዳውን ነው፤ የተጎዳውን አያድንም። ያገለገለ ስትገዛ የቀድሞው ባለቤት በየትኛው ባዮስ ሲጠቀምበት እንደቆየ ማወቅ አትችልም፣ ስለዚህ አይ7ና አይ9 ከሆነ ባትገዛው ይሻላል። አንድ መለያ ምልክት አለው፦ ጌሙ ሲከፈት ሼደር (ካርዱ ምስሉን የሚሠራባቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች) በሚያዘጋጅበት ሰዓት «የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል» ብሎ ይዘጋል፣ ካርዱ ግን ባዶ ነው። 12ኛው ትውልድና አዲሶቹ ኮር አልትራ 200 በዚህ ጣጣ ውስጥ የሉም።

ጥያቄ፦ ራሙ ዲዲአር4 ወይስ አዲሱ ትውልድ ዲዲአር5? ስንት ጊጋባይትስ?

ኤኤም5 ሶኬት (የአዲሶቹ ራይዘኖች መሰኪያ) እና ኮር አልትራ 200 ዲዲአር5 ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ ስለዚህ ምርጫ የለህም። በኤልጂኤ 1700 ሶኬት (የኢንቴል ከ12ኛ እስከ 14ኛ ትውልድ መሰኪያ) ግን እንደ ማዘርቦርዱ ነው፤ ከጥቂቶች በቀር አንዱ ቦርድ ሁለቱንም አይቀበልም፣ የራሞቹ ቁርጥ ቦታው ስለሚለያይ በግድም አይገባም። መጠኑን በተመለከተ 32 ጊጋባይት፣ ባለ 16 ሁለት ፍሬ። 16 ጊጋባይት ብሮውዘርና ዲስኮርድ ከፍቶ አዲስ ጌም ለሚጫወት ሰው ጠቧል።

አንዷን ፍሬ ገዝቶ ሌላዋን ወደፊት መጨመር አይመከርም። ዲዲአር5 እያንዳንዱ ፍሬ በውስጡ ሁለት ንዑስ ቻናል ስላለው «አንድ ፍሬ ብቻውንም ዱዋል ቻናል (ባለ ሁለት የመረጃ መንገድ) ነው» የሚሉ አሉ። ንዑስ ቻናሎቹ ግን እያንዳንዳቸው 32 ቢት ናቸው፤ ተደምረው 64፣ ማለትም የአንድ ሙሉ ቻናል ስፋት። የመረጃው መንገድ ሙሉ የሚሆነው በሁለት ፍሬ ነው።

ጥያቄ፦ ሲኤል30፣ ሲኤል36፣ 6000፣ 7200... ቁጥሩ በዛብኝ። የትኛውን ልውሰድ?

ሲኤል ራሙ መረጃ ሲጠየቅ ምላሽ እስኪሰጥ የሚያልፈው የሰዓት ምት ብዛት ነው፤ ብቻውን ምንም አይነግርህም፤ ሁልጊዜ ከፍጥነቱ ጋር ይታያል። ሲኤሉን በ2000 አባዛና ለፍጥነቱ አካፍል፣ መልሱ በናኖሰከንድ ይመጣል። 6000 በሲኤል30 ልክ 10 ናኖሰከንድ ነው። ያው 6000 በሲኤል40 ግን 13.3። የድሮው ዲዲአር4 3200 በሲኤል16ም 10 ናኖሰከንድ ነበር፤ ዲዲአር5 የሚበልጠው በአንድ ጊዜ በሚያስተላልፈው መጠን ነው።

ለኤኤም5 6000 ሲኤል30፣ የኤክስፖ ፕሮፋይል (የራሙን ፍጥነት ባንዴ የሚያስተካክል ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሴቲንግ) ያለው፣ ውሰድና ጨርስ። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሜሞሪ ተቆጣጣሪ ከራሙ ጋር እኩል ለእኩል የሚሮጠው እስከ 6000፣ ዕድለኛ ከሆንክ እስከ 6400 ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ተቆጣጣሪው በግማሽ ፍጥነት መሥራት ይጀምራልና 7200 ገዝተህ ከ6000 የዘገየ ምላሽ ልታገኝ ትችላለህ። ያን ኪሳራ ለማካካስ ወደ 8000 መጠጋት አለብህ፣ እሱ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ኤክስ3ዲ የያዘ ሰው ሲኤል36 ቢያገኝም አይጨነቅ፤ ካሹ ትልቅ ስለሆነ ራም ዘንድ የሚሄደው ጥቂት ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ አራቱም ስሎት ቢሞላ አያምርም? ባለ 16 አራት ፍሬ አስቤያለሁ።

ለዓይን ያምራል፣ ፍጥነቱ ግን ይወድቃል። ለራይዘን 9000 በይፋ የተቀመጠው ልክ በሁለት ፍሬ 5600 ሲሆን በአራት ፍሬ 3600 ነው። 64 ጊጋባይት ከፈለግህ ባለ 32 ሁለት ፍሬ በአንድ ፓኬት ግዛ። ሞዴላቸው አንድ ሆኖ በሁለት ፓኬት የተገዙ ራሞች ውስጣቸው ያለው ቺፕ ሊለያይ ይችላል፣ አምራቾቹም አብረው እንዲሠሩ ዋስትና የሚሰጡት በአንድ ፓኬት ላሉት ብቻ ነው። ሁለቱን ፍሬዎች ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር 2ኛውና 4ኛው ስሎት ላይ ሰካቸው።

ጥያቄ፦ 6000 ብዬ ገዝቼ ዊንዶውስ 4800 ይላል፣ ሲፒዩ-ዚ የሚባለው የኮምፒውተሩን መረጃ የሚያሳይ ፕሮግራም ደግሞ 2400። ተጭበርብሬ ነው?

አልተጭበረበርክም። ራም ሲገጠም በመደበኛው ፍጥነት ነው የሚነሳው። ባዮስ ገብተህ ኤክስፖ፣ በኢንቴል ቦርድ ከሆነ ኤክስኤምፒ የሚለውን ፕሮፋይል አብራ፣ አስቀምጠህ ውጣ። ሲፒዩ-ዚ የሚያሳየው የሰዓቱን ምት ስለሆነና በአንድ ምት ሁለት ጊዜ መረጃ ስለሚተላለፍ፣ ሁሌም ግማሹን ታያለህ፤ 3000 ካለ 6000 ነው። በነገራችን ላይ ኤች610 በሚባለው ርካሽ የኢንቴል ቦርድ ላይ ራሙን ከመደበኛው በላይ ማስኬድ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ገጥሜ አበራሁት፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አምስት ደቂቃ አለፈው!

አታጥፋው። ኤኤም5 በመጀመሪያው መነሳት ራሙን ያለማምዳል፤ ሲግናሉ በየትኛው ቮልቴጅና ሰዓት እንደሚስማማ እየሞከረ ነው። ደቂቃዎች ይወስዳል፣ ራሙ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ከ10 ሊያልፍ ይችላል። በመሃል ስታጠፋው ከዜሮ ይጀምራል። ቦርዱ ላይ ዲራም የሚል መብራት ካለ ያ መብራቱ ነው የሚበራው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተደናግጦ ደህናውን ራም ሊመልስ ይሄዳል።

15 ደቂቃ አልፎ ምንም ከሌለ አጥፋ፣ ገመዱን ንቀል፣ የሲሞስ ማጽጃውን (የባዮስ ሴቲንግን ወደ መጀመሪያው የሚመልሰውን) ተጠቀም። ከዚያ አንድ ፍሬ ብቻ 2ኛው ስሎት ላይ ሰክተህ ሞክር። ራም በሁለቱም ጫፍ ቀጭ ካላለ አልገባም፤ አንድ ወገን ብቻ መቀርቀሪያ ያላቸው ቦርዶች ላይ መቀርቀሪያ የሌለውን ጫፍ በደንብ ግፋው፣ ሁሌም የሚዘነጋው እሱ ነው። አሁንም ካልሆነ ኩለሩን አንስተህ የሶኬቱን ፒኖች በመብራት ፈትሽ።

ጥያቄ፦ ኤክስፖ ሳበራ ጌም በመሃል ይዘጋል፣ አንዳንዴ ሰማያዊ ስክሪን። ሳጠፋው ሰላም ነው።

መጀመሪያ ባዮሱን ወደ አዲሱ አሳድግ፤ የራም ተስማሚነት በየዝማኔው ይሻሻላል። ካልበቃ ፕሮፋይሉን እንደበራ ትተህ ፍጥነቱን ብቻ ከ6000 ወደ 5600 አውርድ። በጌም ላይ የምታጣው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቀጥሎ ራም የሚፈትሸውን ፕሮግራም ሜምቴስት86ን በፍላሽ አስነስተህ ሌሊቱን አሳድረው። አንድ ስህተት እንኳ ከታየ «አንድ ብቻ ነው» ተብሎ አይታለፍም፦ የተበላሸ ራም ሃርድ ዲስክ ላይ የሚጻፈውንም ፋይል እያበላሸ ነው። ፍሬዎቹን ተራ በተራ ፈትን፤ አንዷ ብትወድቅም ፓኬቱ በሙሉ ነው የሚመለሰው።

ባዮስ ውስጥ ኤስኦሲ የሚለውን ቮልቴጅም (የሜሞሪ ተቆጣጣሪው የሚያገኘውን) እይ፣ ከ1.3 ቮልት መብለጥ የለበትም። በ2023 አንዳንድ ቦርዶች ኤክስፖ ሲበራ ይህን ከልክ በላይ እየከፈቱ ራይዘን 7000 ያቃጠሉበት ጊዜ ነበር፤ ኤኤምዲ ከዚያ በኋላ በባዮስ ገደብ ያስቀመጠው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ለልጄ ቢ650 ማዘርቦርድና 9600ኤክስ ገዛሁለት፤ ባዮሱ አሮጌ ከሆነ አይነሳም አሉኝ። ሌላ ፕሮሰሰር መዋስ ሊኖርብኝ ነው?

አይኖርብዎትም፣ ቦርዱ ፍላሽባክ የሚባለው ቁልፍ ካለው። አዲሱን ባዮስ ከአምራቹ ገጽ ያውርዱና በፋት32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ ያስቀምጡት። የፋይሉን ስም የቦርዱ መመሪያ እንደሚለው ይቀይሩ፤ ብዙዎቹ የሚከሽፉት እዚህ ላይ ነው። ትልቁን ባለ 24 ገመድና የፕሮሰሰሩን ባለ 8 ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ ያገናኙ። ፍላሹን ምልክት ያለበት የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ሰክተው ቁልፉን ለ3 ሰከንድ ያህል ይጫኑት። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪያቆም፣ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፣ ምንም አይንኩ። ፕሮሰሰርም ራምም መግጠም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ለ9800ኤክስ3ዲ የውሃ ኩለር ግድ ነው?

አይደለም። ባለ ሁለት ማማ ጥሩ የአየር ኩለር ለጌም ይበቃዋል። ግን ከመግዛትህ በፊት የራሙን ቁመት ለካ፤ መብራት ያለው ረጅም ራም የፊተኛው ማራገቢያ ሥር አይገባም። ማራገቢያውን ከፍ አድርገህ ብታስረው ደግሞ የኬዙ መስታወት ላይዘጋ ይችላል።