«ተሳትፎ አነስተኛ ነው» ከሚል ምዘና በኋላ ዕቅድ እንዴት ይጻፋል?

መምህር ከሆኑ፣ ሲያስተምሩ ክፍል ገብቶ የመዘነዎት ታዛቢ የያዘውን ዝርዝር ማስታወሻ አስቀድመው ይጠይቁ፤ «የተማሪዎች ተሳትፎ አነስተኛ ነው» የሚለው የደረስዎት አንድ መስመር ፍርድ እንጂ ማስረጃ ስላልሆነ፣ የሙያ ማሻሻያ ዕቅድዎን በእርሱ ላይ ብቻ መመሥረት አይቻልም።

ከዚያም አንድ ግብ ብቻ ይምረጡ። ለምሳሌ ጥያቄ ካቀረቡ በኋላ መጀመሪያ እጁን ላወጣው ተማሪ ወዲያው ዕድል ከመስጠት ይልቅ ቢያንስ 3 ሰከንድ ይጠብቁ (ሲጠብቁት እጅግ ረጅም ነው)፤ በክፍለ ጊዜው ስንት የተለያዩ ተማሪዎች እንደመለሱም አንድ ባልደረባዎ ይቁጠርልዎ። ያ ቁጥር ለቀጣዩ ምልከታ ማነጻጸሪያ ይሆናል።

ቆጣሪው ግን በምዘና ነጥብ ከሚሰጡዎት ሰዎች አንዱ አይሁን። እኔ ድክመቴን ሳልደብቅ ያማከርሁት አጋዥ መምህር (እንዲደግፈኝ የተመደበልኝ ባልደረባ) በዓመቱ መጨረሻ ገምጋሚዬ ሆኖ ስለቀረበ፣ የነገርሁት ሁሉ በውጤት መግለጫዬ ላይ ተጽፎ አግኝቼዋለሁ።