ለአንዲት «ዋ» አርባ ነጥብ?

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ጥልፍ ቤት ማሽን ላይ ቆመሻል። በትርፍ ሰዓትሽ ማሽኑ የሚሰፋውን ዲዛይን በኮምፒውተር ማውጣት ጀመርሽ፤ ግን የፊደሉ ዳር ይንቀጠቀጣል፣ ክሩም ይበጠሳል። «እጄ ለዚህ አልተፈጠረም፣ ባንክ ልወዳደር?» ትያለሽ።

እጅሽ ምን አደረገ? የላክሽውን የስክሪን ፎቶ አጉልቼ «ሐዋሳ» ከሚለው «ዋ»ን ብቻ ቆጠርኩ። የፊደሉን ዳር መስመር የሚይዙት ነጥቦች ከ40 በላይ ናቸው! ያስቀመጥሽው አንቺ አይደለሽም። ፎቶ አስገብተሽ አውቶ ተጫንሽ፣ ሶፍትዌሩ የፎቶውን ሸካራ ዳር ሁሉ እየተከተለ ነጥብ ደረደረልሽ። እኔም ጥልፍ ቤት እያለሁ እንዲሁ አድርጌ 60 ሹራብ አበላሽቻለሁ፤ ከደሞዜ ተቆርጧል። ነጥብ ሲበዛ መስመሩ ይጎረብጣል፣ አጫጭር ስፌት አንድ ቦታ ይከመራል፣ መርፌው እዚያው እዚያው ሲወጋ ክሩ ይበጠሳል።

ፎቶውን ከስር አድርገሽ በእጅሽ ንደፊ። ለቀጥታ መስመር ሁለት ጫፍ ይበቃል። ለክብ አራት። በዊልኮም፣ በጥልፍ ዲዛይን ሶፍትዌሩ፣ ግራ ክሊክ ማዕዘን፣ ቀኝ ክሊክ ኩርባ ያስቀምጣል፤ ብዙ ሰው ኩርባውን በማዕዘን ነጥብ ሲሞላ ነው የሚበላሽበት። ሳቲን ላይ ደግሞ፣ ክሩ ከዳር ዳር እየተመላለሰ በሚሞላው ስፌት፣ ነጥቦቹ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይተያዩ። ጥንዱ ሲዛነፍ ስፌቱም ይዛነፋል። ስታርሚ ዋናውን የዲዛይን ፋይል እንጂ ለማሽኑ የሚሰጠውን ፋይል፣ ዲኤስቲውን፣ አትንኪ፤ ዲኤስቲ የመርፌውን እርምጃ እንጂ የነደፍሽውን መስመር አይዝም። ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተሩ ካልተለቀቀልሽ ኢንክስኬፕ በሚባለው የስዕል ሶፍትዌር ላይ የሚጫን ኢንክስቲች የሚባል የጥልፍ መሣሪያ አለ፣ በነጻ ይወርዳል።

አባትሽ «ዲግሪ ይዘሽ መርፌ?» አሉ። የባንኩን ፎርም ሙዪ፣ ማን ከለከለሽ። ግን እስካሁን ቤት የገባው ብር ከመርፌው እንጂ ከዲግሪው አይደለም። ይህን ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው፣ ደስ ባይላቸውም።

ወንድምሽ በእቁቡ ማሽን እንግዛ ማለቱን ለጊዜው ተዪው። አለቃሽ ለእያንዳንዱ ዲዛይን ውጭ ላለ ሰው ይከፍላሉ ብለሻል። መጀመሪያ ያ ብር ወደ አንቺ ይዙር።

ነገ «ዋ»ን እንደገና አውጪያት። ከ15 ነጥብ ካለፍሽ አጥፊና ጀምሪ። ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰፍተሽ፣ በጀርባ በኩልም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።