የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሁለት ስም የነበራቸው አያት

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የቤተሰብን ታሪክና የዘር ሐረግ ስለማጥናት የሚጠይቁ ናቸው። ጉዳዩ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ከ14 ዓመት ዕድሜው ጀምሮ ያልተለየው ፍቅር በመሆኑ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተን ሦስቱን ደብዳቤዎች መርጠናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። የቤተሰቤን ታሪክ ማሰባሰብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም አሁን ከአንድ ቦታ አላልፍ ብያለሁ። የእናቴ አባት የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ትልቋ አክስቴ በአንድ ስም ታስታውሳቸዋለች፤ ከሣጥኗ የወጣው በፈረንሳይኛ የተጻፈ አሮጌ የሥራ ወረቀት ግን ጨርሶ ሌላ ስም ይዟል። ወረቀቱ የልደት ዓመታቸውን 1918 ይላል። አክስቴ ደግሞ «የሰገሌ ጦርነት በሆነ በዓመቱ፣ በዘመነ ማርቆስ» ከማለት በቀር ቁጥር አትነግረኝም። ወረቀቱ የአያቴ ነው ወይስ የሌላ ሰው? ከየት ልቀጥል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀላሉ ዘመኑ ስለሆነ ከእርሱ እንጀምር። አክስትዎ ቁጥር አልነገሩኝም ይበሉ እንጂ ከልደት ወረቀት የማይተናነስ ቀን ሰጥተውዎታል። የሰገሌ ጦርነት የተካሄደው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው፤ «በዓመቱ» ሲሉ እንግዲህ 1910 ማለታቸው ነው። ይህን በወንጌላዊው እንፈትነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለ4 ስናካፍል 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ዘመነ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዘመነ ዮሐንስ ይሆናል። 5500 እና 1910 ተደምረው 7410 ይሆናሉ፤ ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። የፈረንሳዮቹ ወረቀት ደግሞ የሚቆጥረው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሆነ 1918 ወደ እኛ ሲመለስ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን ለተወለደ ሰው 8 ዓመት ተቀንሶ 1910 ይሆናል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ ግን 7 ዓመት ብቻ ተቀንሶ 1911 ይሆናል። የአክስትዎ ቃልና ወረቀቱ እንዲስማሙ አያትዎ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1910 ወዲህ፣ መስከረም ሳይጠባ የተወለዱ መሆን አለባቸው። እንዲህ ያለውን ቁጥር እንደ ዓመተ ምሕረት አንብቦ ታናሹን ወንድም ታላቅ ያደረገ ቤተሰብ ከአንድ ጊዜ በላይ ስላጋጠመኝ፣ በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ከእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እንዲጽፉ አደራ እላለሁ። አክስትዎ አባታቸው ክርስትና የተነሡበትን በዓል ከሰሙ ደግሞ ወሩ ራሱ ይገኛል፤ ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፣ ለቡሄ የተጠመቀ ወንድ ልጅ የተወለደው በሐምሌ መጀመሪያ ነው።

ዓመቱ መስማማቱ ወረቀቱ የአያትዎ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ ማረጋገጫ የሚሆነው ግን ስሙ ሲፈታ ነው። በዚያ ዘመን የነበረ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የቤት ቁልምጫ፣ ወታደር ከነበረም የፈረስ ስም ነበረው፤ ራስ መኮንንን «አባ ቃኘው» ብሎ የሚጠራቸው ሰው ያነሣው የታወቀ ስማቸውን ነበር እንጂ ሌላ ሰው አልነበረም። የባቡር ጸሐፊው በዚህ ላይ የራሱን ሁለት ችግሮች ጨምሮበታል። አንደኛው ጆሮው ነው። «ወ» የሚለውን ድምፅ ፈረንሳዊ በሁለት አናባቢዎች፣ እንግሊዝ በአንድ ተናባቢ፣ ጣሊያን በአንድ አናባቢ ይጽፈዋል፤ በ«ሸ» የሚጀምር ስም በፈረንሳይኛ መዝገብ ከ«ሲ» ፊደል ሥር፣ በእንግሊዝኛና በጣሊያንኛ ግን ከ«ኤስ» ሥር ይገኛል፤ «ሀ» ደግሞ በፈረንሳዊ አፍ ስለማትሰማ ከነጭራሹ ልትቀር ትችላለች። ሁለተኛውና ብዙዎቻችንን የሚያሳስተው፣ የውጭ አገር ሰው የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ መጠሪያ ቆጥሮ ማስቀደሙ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ጎልቶ የሚታየው ስም የአያትዎ ሳይሆን የአባታቸው ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አንድ ትውልድ ጠፍቶብኛል ብለው ያዘኑበት ወረቀት አንድ ትውልድ ጨምሮልዎታል።

ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው፣ በተለይም በዚያው በባቡር ድርጅት የሠሩ አንድ አዛውንት፣ ስሙን ጮክ ብለው እንዲያነቡልዎ ያድርጉና እርስዎ ፊደሉን ሳያዩ በጆሮዎ ብቻ ያዳምጡ። ከዚያ ወደ አክስትዎ ሄደው የአባታቸውን አባት ስምና የአባታቸውን የክርስትና ስም ይጠይቋቸው። ወረቀቱን አስቀድመው አያሳይዋቸው፤ አያንብቡላቸውም። አንድ ጊዜ የተጻፈ ስም የሰማ ሰው ትዝታው ወደ ተጻፈው ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ የነበሩዎት ሁለት ምስክሮች አንድ ሆነው ይቀራሉ።

«ከየት ልቀጥል?» ብለውም ጠይቀውኛል። በአገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ለአያቶቻችን ዘመን እንደ ፈረንጆቹ መዝገብ ቤት ገብተን ገጽ የምንገልጥበት መንገድ የለም። ጡረተኛ የነበረ ሰው ቤት የጡረታ ደብተር አይጠፋም፤ ባል ሞቶ ሚስት ስትተካም የሚስትና የልጆች ስም በሰነዱ ይገባል። ከሁሉም በላይ ግን እኔ የማምነው በዕድር መዝገብ ነው። አንድ አባል እናቱ ወይም አማቱ ስትሞት ዕድሩ ስለሚከፍል ማን መቼ እንደሞተና ለአባሉ ምኑ እንደሆነ ይጻፋል፤ ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር ስለሆነም ጸሐፊውና ዳኛው ተጠንቅቀው ይመዘግቡታል። የአያትዎን ዕድር አሮጌ ደብተሮች ማን ቤት እንደተቀመጡ ያጠያይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚገኙት በሟቹ ጸሐፊ ልጆች እጅ፣ ከቁም ሣጥን ላይ ነው። እንዲሁም በጋብቻ ጊዜ ሰባት ቤት እየቆጠሩ «ይጋባሉ፣ አይጋቡም» የሚሉ አዛውንት በየቤተሰቡ አሉ። የሶማሌ ልጅ አብቲርሱን፣ ማለትም የአባቶቹን የስም ዝርዝር፣ በቃሉ እንደሚወርደው ሁሉ እነርሱም ያለ ወረቀት ይወርዱታል።

ከተማችን ራሷ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደምትወስድዎ አስቀድመው ይወቁ። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. መሠራት የጀመረው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን ጣቢያውም መጀመሪያ የተጠራው «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነው፤ በአሮጌ ሰነድ ይህን ስም ካዩ ድሬዳዋን ማለቱ ነው። በዚህ ምክንያት የአብዛኛው የድሬ ሰው የዘር ሐረግ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው አባት ላይ ከከተማው ይወጣል፤ ወደ ሸዋ፣ ወደ ሐረር ጀጎል፣ ወደ ጋራ ሙለታ፣ ወደ የመን፣ ወደ ግሪክ ደሴቶች ይሄዳል። አክስትዎን «ማን ነው መጀመሪያ የመጣው? ከማን ጋር? የመጀመሪያው ሌሊት ማን ቤት አደረ?» ብለው ይጠይቋቸው። ሰው ያሳደረውን ቤት አይረሳም፤ ያሳደረው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያገሩ ልጅ ነው።

በመጨረሻ እኔ የፈጸምኩትን ስሕተት ልንገርዎ። ቅድመ አያቴ ከመንዝ እንደመጡ አክስቴ ነግረውኝ ጽፌ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ አጎቴ ከቡልጋ መሆናቸውን አስረግጠው ሲነግሩኝ፣ አጎቴን የበለጠ ስለማምናቸው መንዝ የሚለውን በላጲስ አጠፋሁት። ቆይቶ እንደተረዳሁት የተወለዱት መንዝ ነው፤ ለዘመቻ የተነሡት ግን ከአጎታቸው ዘንድ ካደጉበት ከቡልጋ ነው። አክስቴ ስለ መንዙ ቤት የነገሩኝ ሌላ ዝርዝር ከዚያው ገጽ ጋር ጠፍቷል፤ እርሳቸውም አርፈዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ወገኖቻችንን በወሰደበት ሌሊት ደግሞ የቤተሰባችን ደብዳቤዎችና ፎቶግራፎች የነበሩበት የብረት ሣጥን ከነቤቱ ሄደ። የሰው ሕይወት በጠፋበት ስለ ወረቀት ማዘን ይከብዳል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የማገኘውን ሁሉ በሦስት ቅጂ፣ በሦስት ቤት አስቀምጣለሁ። እርስዎም የአክስትዎን ቃልና የወረቀቱን ቃል ጎን ለጎን፣ ማን መቼ እንደተናገረው ጽፈው ይያዙ እንጂ አንዱን ለሌላው ብለው አይሰርዙ።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር የሚኖር ወንድሜ ምራቅ የሚላክበት የዘረ መል መመርመሪያ ልኮልኛል። የዘር ሐረጋችንን ያሳየናል?

መልስ፦ የአያት ስም አይነግራችሁም። እንዲህ ያለው ምርመራ የሚያደርገው የእናንተን ናሙና ድርጅቱ ቀድሞ ካሰባሰባቸው ናሙናዎች ጋር ማወዳደር ነው፤ ዘመድ የሚያገኝላችሁም ያ ዘመድ ራሱ ተመርምሮ ከሆነ ብቻ ነው። ከእኛ አካባቢ የተመረመረው ሰው ጥቂት ስለሆነ መልሱ ሰፊ አካባቢን ከመጥቀስ ብዙም አያልፍም። አባቱን ፈጽሞ ለማያውቅ ሰው ግን ውጭ አገር ያለ የቅርብ ዘመድ ሊያገናኘው ስለሚችል ዋጋው ትልቅ ነው። አንድ ናሙና የመላው ቤተሰብን ምስጢር ስለሚነካ፣ ከመላካችሁ በፊት ከእናትና ከአባት ጋር ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከሐረር ነው። የአያቴ እናት በልጅነቷ ተሸጣ የመጣች እንደነበረች ከብዙ ጊዜ በፊት በሹክሹክታ ሰምቻለሁ። ታሪኳን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ትልቁ አጎቴ ግን «ይህ ነገር አይነሣ፣ የልጆቹን ትዳር ታበላሺያለሽ» ብለው ቆጡኝ። ማን እንደነበረች ሳላውቅ መቅረቱ ደግሞ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አጎትዎ የፈሩት ነገር ባዶ ፍርሃት አይደለም፤ በሽምግልና ጊዜ ዘር ተቆጥሮ የተመለሰ ጋብቻ አይተው ይሆናል። እፍረቱ ግን የሸጣትና የገዛት እንጂ የእርሷ አልነበረም፤ ይህን እርስዎ በልብዎ አጽንተው መያዝዎ ከአጎትዎ ጋር በሚያደርጉት ንግግር ሁሉ ያግዝዎታል።

ነገሩ ሩቅ አይደለም። ባሪያን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣው ሕግ የወጣው በ1916 ዓ.ም. ሲሆን ባርነት ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በአካባቢያችን ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለች እናት አለችው፤ የማይናገረው ሁሉም ብቻውን የሆነ ስለሚመስለው ነው። ፍለጋውን ከባድ የሚያደርገው ስም ነው። የተሸጠ ልጅ ስሙ ይለወጣል፤ በአባት ስም ቦታም የገዛው ወይም ያሳደገው ሰው ስም ይገባል። ስለዚህ የእርሷን የአባት ስም ይዘው ወደ ላይ ቢወጡ የሚደርሱት ወደ አሳዳሪዎቿ ቤት ነው እንጂ ወደ ወላጆቿ አይደለም። በጉዲፈቻ ያደገ ልጅም በዚሁ መንገድ ስሙ ስለሚለወጥ፣ በቤታችሁ «ማደጎ ነበረች» የሚል ቃል ከሰሙ ሁለቱን ለይተው ያጣሩ።

የእርሷን አገር የሚያመለክቱት ከስም ይልቅ ከእጇና ከአፏ የቀሩት ነገሮች ናቸው። ልጅ ስታባብል የምትለው፣ ትርጉሙን ማንም ያልጠየቃት ቃል ይኖራል፤ ጎረቤቶቿ የማይሠሩት ምግብ፣ በግንባሯ ወይም በአንገቷ የነበረ ንቅሳት፣ ስትደነግጥ የምትጠራው ስም ይኖራል። ሰው በሰባት ዓመቱ ከእናቱ ቢነጠል እንኳ የእሹሩሩውን ዜማ አይረሳም፤ ለልጆቹም ሳያውቀው ያስተላልፈዋል። አያትዎ በሕይወት ካሉ በቶሎ ሄደው እናታቸው ያባበሏቸውን ዜማ እንዲያንጎራጉሩልዎ ይለምኑና ድምፃቸውን ይቅረጹ። ቃሉን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ባይገኝ እንኳ ሌላ ጊዜ ይገኛል።

አጎትዎን ግን አይለፏቸው። ለእርሳቸው ሳይነግሩ ዘመድ አዝማዱን መጠየቅ ቢጀምሩ የሚፈሩትን ሐሜት እርስዎ ራስዎ ያመጡባቸዋል። ያገኙትን ለየብቻው ደብተር ላይ ጽፈው እንደሚያስቀምጡት፣ በሕይወት ያለ ሰው ሳይፈቅድ ለማንም እንደማያነቡት ቃል ይግቡላቸው፤ ቃልዎንም ይጠብቁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሆጃ አፍልተው ይቀመጡና ከየት እንደመጣች አይጠይቋቸው። አጎትዎ ልጅ ሆነው ከእጇ በልተው ይሆናልና ምን ታበላቸው እንደነበረ፣ ሲያለቅሱ ምን ትላቸው እንደነበረ ይጠይቋቸው፤ ከዚያም ዝም ብለው ያዳምጡ።