«የዕቃ ዋጋ» ሲጫኑት ለምን ንቅንቅ አይልም?

ከኮዬ ፈጬ የጻፈልኝ ወንድማችን የብረት በርና መስኮት ይሠራል። መሃል ከተማ ያለ ደንበኛ እዚያ ድረስ ሳይመጣ ሥራውን እንዲያይለት ብሎ ድረ ገጽ መሥሪያ በሆነው በዎርድፕረስ አንድ ረጅም ገጽ አዘጋጅቷል። ከላይ «አድራሻ» እና «የዕቃ ዋጋ» የሚሉ ሊንኮች አሉት። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ «‹አድራሻ›ን ስጫነው ወደ ታች ይወስደኛል። ‹የዕቃ ዋጋ› ግን ንቅንቅ አይልም። ሁለቱንም ያስገባሁት በአንድ መንገድ ነው። ምን አጠፋሁ?»

ወንድሜ፣ የላክልኝን ስክሪንሾት ደጋግሜ አየሁት። አሠራርህ ልክ ነው። ችግሩ ያለው ፊደሉ ላይ ነው።

አንከር ማለት በገጹ ውስጥ ለአንድ ቦታ የምትሰጠው ስም ነው። ርዕሱን ትመርጣለህ፣ በጎን ካለው ዝርዝር «አድቫንስድ»ን ትከፍታለህ፣ «ኤችቲኤምኤል አንከር» የሚለው ሳጥን ውስጥ ስሙን ትጽፋለህ። ሊንኩ ላይ ደግሞ # አስቀድመህ ያንኑ ስም ትደግማለህ። ብሮውዘሩ፣ ማለትም ገጹን የሚከፍትልህ ፕሮግራም፣ ሁለቱን ፊደል በፊደል ያመሳክራል። አንዲት ፊደል ከተለየች ዝም ይላል። ስህተት አለ ብሎም አይነግርህም።

አንተ አንከሩ ላይ «የዕቃ ዋጋ» ብለሃል፣ በዓይኑ ዐ። ሊንኩ ላይ «#የእቃ ዋጋ» ብለሃል፣ በአልፋው አ። እኔና አንተ ስናነበው ያው ነው። ብሮውዘር ግን ድምፅ አይሰማም፤ ለሱ ሁለት ቃል ነው። ባዶ ቦታውም አለ። ዎርድፕረስ አንከር ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ ራሱ በሰረዝ ይተካዋል። ሊንኩ ላይ ያለው ግን ሰረዝ የለውም። «አድራሻ» የሠራልህ አንድ ቃል ስለሆነና ሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ስለጻፍከው ነው።

ይሄ ነገር እኔንም አቃጥሎኛል። ለገጣፎ ላለ ዳቦ ቤት ገጽ ስሠራ «ሥራ» እና «ስራ» ተቀላቅለውብኝ ግማሽ ቀን ፈጅተውብኛል። ከዚያ ወዲህ አንከር በአማርኛ አልሰይምም።

አንተም ርዕሱን በአማርኛ ተወው፤ አንከሩን ግን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሹ፣ ያለ ባዶ ቦታ ጻፈው። ትልቁና ትንሹ ፊደልም ለብሮውዘር ይለያያል። አማርኛው አይሠራም ማለቴ አይደለም፣ ከተመሳሰለ ይሠራል። ግን ለደንበኛ በቴሌግራም ልትልከው ኮፒ ስታደርገው ብዙ ጊዜ በፐርሰንት ምልክት ወደተሞላ ኮድ ይለወጣል። አንዷ የግዕዝ ፊደል 9 ምልክት ትሆናለች። «ዋጋ» ብቻዋን 18 ናት። እንዲህ ያለ ሊንክ ያየ ሰው ቫይረስ ነው ብሎ ይሸሻል።

አንድን ስም በአንድ ገጽ ላይ ሁለቴ አትስጥ። ከሌላ ገጽ ሰው ወደዚህ የዋጋ ክፍል መላክ ስትፈልግ ደግሞ # እና ስሙ ብቻ አይበቃም። የገጹን ሙሉ አድራሻ ጽፈህ ከኋላው ቀጥልበት።

ሌላው፣ ሜኑህ ከላይ ተጣብቆ የሚቀር ዓይነት ነው። ሊንኩ ሲስተካከል ርዕሱ ሜኑው ሥር ይደበቅብሃል። ያኔ ከርዕሱ በላይ «ስፔሰር» የሚባለውን፣ ባዶ ቦታ የሚፈጥረውን ብሎክ አስገባ። ቁመቱን ከሜኑው ጋር አስተካክልና አንከሩን ከርዕሱ አንስተህ ለስፔሰሩ ስጠው። ከዚያ ፕሪቪው አድርገህ በስልክህ ሞክረው። ኤዲተሩ ውስጥ ሊንክ መጫን ምንም አያሳይህም።

ሳትጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ ስክሪንሾቱ ላይ አይቼዋለሁና። ስልክ ቁጥርህን ሊንክ አድርገኸዋል፣ ጎበዝ። ደንበኛ ነክቶት ወዲያው ሊደውል ይገባል። ግን «ቴል» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል (tel) ከጻፍክ በኋላ ያስገባኸው ሁለት ነጥብ ከአማርኛ ኪቦርድ የመጣው ፡ ነው። እሱ አይሠራም። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይረህ : አድርገው። ከሱ ቀጥሎ +251 ጻፍ፣ የመጀመሪያዋን ዜሮ ጣላት፣ የቀረውን ቁጥር ያለ ክፍተት ቀጥል። ስታስተካክለው ሊንኩን ላክልኝ፣ እኔም ከዚህ ሆኜ ልሞክርልህ።