ሰኔ ላይ ጆሃንስበርግ ለምን ይበርዳል?

እህቴ፣ አብሽሪ፣ ባልሽ አልዋሸሽም። «ኮምቦልቻ ሰኔ ላይ ሙቀቱ ሲቀቅለን እሱ ከጆሃንስበርግ ብርድ ገደለኝ ይላል፤ ምድር ከፀሐይ ስለምትርቅ ነው ወይ?» ብለሻል። ብርዱን እኔም ቀምሼዋለሁ፤ አራት ዓመት እዚያ ሱቅ ሠርቻለሁ። የገባሁት ሰኔ መጨረሻ ነው፤ የደሴን ብርድ የቻልኩ ምን እሆናለሁ ብዬ ሻንጣዬን በካናቴራ ሞልቼ። በማግስቱ ጠዋት ሳሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ሳየው ጉዴ ገባኝ።

የርቀቱ ወሬ ስህተት ነው። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በገና ሰሞን ነው፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። የምትርቀው ሰኔ መጨረሻ፣ 152 ሚሊዮን። በርቀት ቢሆን ገና ላይ ደሴ ማን ጋቢ ይደርብ ነበር?

ምድር 23.5 ዲግሪ ጋደል ብላ ነው ፀሐይን የምትዞረው። ሰኔ ላይ የምድር ሰሜናዊ ግማሽ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል። ጆሃንስበርግ ባለችበት ደቡብ ጨረሩ ሰያፍ ሆኖ ይመጣል፣ ቀኑም ያጥራል፤ ጆሃንስበርግ ያኔ ብርሃን የምታገኘው 10 ሰዓት ተኩል ያህል ነው፣ ታህሳስ ላይ ግን 13 ሰዓት ተኩል ያልፋል።

ማዘንበሏ እዚሁ ደሴም ይታያል። ግቢዬ ውስጥ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ የልብስ ማስጫ ብረት ቆሟል። ሰኔ 14፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ታህሳስ 12 ደግሞ ወደ ሰሜን ዞሮ 1 ሜትር ከ35 ገደማ ይሆናል። በሜትር ስለካው ያዩኝ ጎረቤቶች ምን እንዳሉኝ ይቅር።

የሚያምታታን «ክረምት» የምንለው ቃል ነው። እኛም እኮ ከምድር ወገብ ሰሜን ነን፣ 11 ዲግሪ ላይ። ክረምት የምንለው በዝናቡ ነው፣ ዝናቡ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ። ትምህርት ቤት ግን ፈረንጆች በረዶ የሚወርድባቸውንም ወራት ክረምት ብለው አስተማሩንና ሁለቱ ተደበላለቁብን። የኛ ብርድ ኅዳርና ታህሳስ ነው፣ ሰማዩ ጠርቶ ሙቀቱ ሌሊት ሲያመልጥ።

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ሞቆሽ ጋቢሽን የምታወልቂው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለወረድሽ።

ባልሽ ቤት የሚቀይር ከሆነ መስኮቱ ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ይፈልግ። እዚያ የቀትር ፀሐይ ሁሌም በሰሜን በኩል ናት። እኔ ይህን ያወቅኩት ሁለት የብርድ ወቅት በደቡብ መስኮት ከተንቀጠቀጥኩ በኋላ ነው።